ባሕር የሌለው ሠንጠረዥ

መርካቶ፣ አማኑኤል አካባቢ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ከሱቅ ደጃፍ አንድ የካርቶን ቁራጭ ይወጣል። በእስክሪፕቶ ተሰምሮ 64 ቤት ሆኗል፤ ግማሹ ቤት ጠቁሯል፣ ግማሹ እንዳለ ቀርቷል። ጠጠሮቹ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ናቸው። የአንዱ ተጫዋች 12 ቆርኪ ተደፍቶ፣ የሌላው 12 ቆርኪ ተንጋሎ ይሰለፋል፤ የማን ጦር የማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ይጫወታል፣ አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ያማክራል። ከቁጭ ባዮቹ ይልቅ የሚጮኹት ቋሚዎቹ ናቸው።

ሀገሩ የሚያውቃቸው ሰሌዳዎች ሁሉ የየብስ ናቸው። ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር ነው። ዳማ ሜዳ ነው። ሠንጠረዥ ደግሞ ንጉሥ፣ ዝሆንና ፈረስ የሚሰለፉበት የጦር አውድማ ነው። በአንዳቸውም ላይ መርከብ የለም። የሚገርመው ይህ ሰሌዳ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ሰሌዳ አለመሆኑ ነው፤ አዱሊስን የመሰለ ወደብ የነበረው፣ ጦሩን ቀይ ባሕርን ያሻገረ፣ በቅርቡም እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1990 ምጽዋ ላይ የራሱ ባሕር ኃይል የነበረው ሀገር ነው። በሌላው ዓለም መርከብ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ብዙ ተጫውቶበታል። እንዲያውም ዛሬ የሰፈር ልጅ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ገብቶ «ላይፌ አለቀ» ሲል የሚቆጥረው ነገር የዘር ሐረጉ ቢመዘዝ አንድ የብረት ለበስ መርከቦች ሕግ ላይ ይደርሳል። እዚያ ለመድረስ ግን ከሠንጠረዡ መነሣት ይሻላል።

ሠንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥለት 8 በ8 የተሰመረ ነበር። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት የተጠረቡ፣ ወፋፍራምና ጌጥ ያልበዛባቸው ናቸው። ንጉሡ መሐል ይቆማል። ከጎኑ አንድ ቤት በአግድመት የሚራመደው ፈርዝ፣ ከዚያ ሁለት ቤት በአግድመት የሚዘለው ፊል፣ ከዚያ ፈረሱ፣ ጥግ ላይ ደሩ ይሰለፋሉ፤ ከፊታቸው መደቆቹ። ጨዋታው ምን ያህል ቀደም ብሎ ቤተ መንግሥት እንደገባ ለማየት፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አፄ ልብነ ድንግል ሄሮኒሞ ቢቺኒ ከሚባል ቬኒሳዊ ሰዓሊ ጋር ቼዝ ይጫወቱ እንደነበር መነገሩን ማስታወስ ይበቃል።

ጨዋታውን ከሁሉ ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው። በሌላው ዓለም ቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ይጠብቃል። በሠንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን ሰሌዳው ላይ ዘርግተው የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ ደግሞ ይሠራል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። አንዱ ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሀገሩ የነበረው እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ይህን አይቶ ጽፎታል። የዘመኑን ጦር አሰላለፍ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ጦር ሲከት ግራና ቀኙን ለማስያዝ የጠላትን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዥ የራስ ወልደ ሥላሴን ግብር ቤት ሲገልጽ ሠንጠረዡን አልዘለለውም። ራስ ጨዋታውን እጅግ ይወዱ ነበር። በዙሪያቸው የተቀመጡት መኳንንት ዝም ብለው የሚያዩ አልነበሩም፤ ይህን አንሣ፣ ያን ተው እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ከበታች ያለው ሰው ሳይቀር ምክር ይወረውር ነበር። በቆርኪ ዳማ ዙሪያ የሚቆመው የአማኑኤል አማካሪ ስንት ዘመን ያስቆጠረ ሥራ እንደያዘ ቢያውቅ ድምፁን ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም።

አጨራረሱም የራሱ ወግ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መግደል ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ፣ ከሁሉም በላይ በመደቅ መግደል ግን ሙያ ነው። ራቁቱን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፣ አሸናፊነትም ማዕረግ አለው የሚል ሕግ ነው፤ ይህን ዓይነት ሕግ ያወጣ ሰው ጦርነትን ከሩቅ የሚያይ ሰው ሊሆን አይችልም። ያው ሰው ግን ጦርነትን ያየው ከፈረስ ጀርባ ላይ ነው። በሠንጠረዡ ወርቃማ ዘመን የነበሩት ጌቶች መቀመጫቸው ጎንደር፣ መቀሌ፣ አንኮበር ነበር። ምጽዋ በኦቶማኖች፣ ኋላም በግብፆች እጅ ነበረች። ሰሌዳቸው ያዩትን አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ1936 ጣሊያን ሲገባ መኳንንቱ ተበተኑ፤ ከፊሉ አለቀ፣ ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ በረሃ ወረደ። ሠንጠረዥም ከእነሱ ጋር ጠፋ። በዚያው በአምስቱ ዓመት ጣሊያኖች በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ቆረቆሩ። ስሙም አብሯቸው መጣ። አዲሱ ገበያ የራሱን ጨዋታ አበጀ፤ ካርታው፣ ካራምቡላው፣ ኋላ ጆተኒው፣ ሁልጊዜም ዳማው። የዝሆን ጥርሱ ንጉሥ ግን መርካቶ አልደረሰም።

ሠንጠረዥ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ ጨዋታ ነው፤ ፈርዝና ፊል የሚሉት ስሞች ራሳቸው መንገዱን ይናገራሉ። በመንገዱ ላይ ግን ከአንድ ነገር ጋር ተለያይቷል። ሕንዶች በአራት ሰው፣ በዳይስ የሚጫወቱት ቻቱራጂ የሚባል ሠንጠረዥ ነበራቸው፤ አል ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ስለ ሕንድ ሲጽፍ ይህን የመሰለ ባለ አራት ተጫዋች ጨዋታ ገልጿል። በኋለኛው የቤንጋል አጨዋወት ጥጉን የያዘው ጀልባ ነው። ዳይሱ 2 ሲወጣ ጀልባ፣ 3 ሲወጣ ፈረስ፣ 4 ሲወጣ ዝሆን ይንቀሳቀሳል። ጀልባው እንዴት ይሄዳል ቢባል፣ ሁለት ቤት በአግድመት ይዘልላል፤ ይኸውም ራስ ወልደ ሥላሴ ፊላቸውን የሚያዘልሉት ዝላይ ነው። አንድ እርምጃ፣ እዚህ ዝሆን፣ እዚያ ጀልባ።

ቤንጋል የወንዝና የጎርፍ ሀገር ነውና ጀልባ ጠጠር ሆኖ ቢቀር አይደንቅም። የሚደንቀው የተጨመረለት ሕግ ነው። ሦስት ጀልባዎች በአራት ቤት ጥግ ጥግ ተያይዘው ባሉበት አራተኛው መጥቶ ካሬውን ከደፈነ፣ የደፈነው ተጫዋች ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይማርካል። በሰሌዳ ላይ ለመርከብ ብቻ ተብለው ከወጡት ጥንታዊ ሕጎች አንዱ ይህ ነው፤ ፈረስና ዝሆን እንዲህ ያለ ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ሩሲያም እስከ ዛሬ ጥግ የቆመውን ጠጠር መርከብ ትለዋለች፤ የሰሜን ወንዞች ጀልባ ነው።

የዚህን ሀገር ባሕር ያየ ሰው ሠንጠረዥ ቢቀርጽ ኖሮስ? ለዚህ ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፎ የተቀመጠ ዘመቻ አለ። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ አፄ ካሌብ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ የደረሰውን እልቂት ሰምተው፣ የቢዛንቲየሙ ንጉሥ ዩስጢኖስም ጠይቋቸው፣ በሒምያሩ ንጉሥ በዙ ኑዋስ ላይ ዘመቱ። በግሪክኛ የተጻፈው የናግራን ሰማዕታት ገድል መርከቦቹን በየወደባቸው ቆጥሯል፤ ከአይላ 15፣ ዛሬ ሱዌዝ ከሚባለው ከቁልዝም 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከህንድ ንግድ 9። ይህ 60 ነው። ካሌብ ራሳቸው 10 አሠርተው ጨመሩ። ጦሩ የተሰናዳው በአዱሊስ ወደብ፣ ገበዛ በሚባለው ቦታ ነው። ያኔ አዱሊስ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስም ዝግጅቱን አይቷል፤ ስለ ዘመቻው የሚነግረን የከተማውን የድንጋይ ጽሑፍ ለካሌብ እንዲገለብጥ በታዘዘበት አጋጣሚ ነው።

የመርከቦቹ አሠራር ደግሞ ተረት የሚመስል እውነት ነው። የቢዛንቲየሙ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዩስ እንደሚለው በዚያ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሚስማር አልነበራቸውም፤ ሳንቃው ከሳንቃ በገመድ የተሰፋ ነው። በዘመኑ የሚወራውንም ያነሣል። ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ዐለት አለ፣ በሚስማር የተመታ መርከብ ቢጠጋው ሚስማሩ ተነቅሎ መርከቡ ይበታተናል ይባል ነበር። ፕሮኮፒዩስ አልተቀበለውም፤ የሮማ መርከቦች ብዙ ብረት ይዘው እዚያው ባሕር ላይ ይመላለሳሉ፣ ምንም አልሆኑም አለ። እሱ የሰጠው ምክንያት፣ በዚያ ወገን ብረት የለም፣ ሮማውያን ደግሞ እንዳይሸጡላቸው በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አለ የሚል ነው። አክሱም ብረት ነበራት፤ በመቃብሮቿ ውስጥ የጦር ጫፍ ተገኝቷል። የተሰፋ መርከብ ግን የድህነት ምልክት አይደለም። ኮራል ሲመታው ሳይሰበር ይለመጣል፤ አሸዋ ላይም ጎትተው ያወጡታል።

ገድሉ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ዙ ኑዋስ መርከቦቹ እንዳያልፉ በወሽመጡ ላይ ሰንሰለት ዘርግቶ ነበር። ባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋልና ታሪክ ተመራማሪዎች ቢጠራጠሩ ተገቢ ነው። ለጨዋታ ሠሪ ግን ሰንሰለት፣ የተሰፋ መርከብና ሚስማር ነቃይ ዐለት በአንድ ዘመቻ ማግኘት ማለት ሥራው ግማሹ አለቀለት ማለት ነው።

አውሮፓውያን መርከብን ጠረጴዛ ላይ ያወጡት ለመማር ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጆን ክላርክ የሚባል፣ የኤልዲን ባላባት የሆነ ስኮትላንዳዊ ነጋዴ በጦር መርከብ ላይ ሳያገለግል ትንንሽ የመርከብ ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀሰ ስለ ባሕር ውጊያ ስልት አጠና፤ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1782 አሳተመ። አድሚራሎች አነበቡት። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ እንግሊዛዊው ፍሬድ ጄን የዓለምን የጦር መርከቦች ዝርዝር መጽሐፍ ሲያወጣ ከባሕር ኃይል ጨዋታው ጋር አያይዞ ነው። በጄን ጨዋታ መድፍ መተኮስ የእጅ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ጫፉ ላይ መርፌ ያለባት የእንጨት መምቻ ይዞ፣ የጠላት መርከብ የተሳለበትን ካርድ ይመታል። መርፌዋ የበሳችው ቦታ ጥይቱ ያረፈበት ነው፤ ቦይለር ከሆነ ፍጥነት ይቀንሳል፣ መድፍ ከሆነ መድፉ ዝም ይላል። ብልጣ ብልጥ እንዳይጫወትበት መርፌዋ ሁልጊዜ መሐል ላይ አትተከልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ፍሌቸር ፕራት የሚባል ጸሐፊ ጨዋታውን ከጠረጴዛ ወደ ወለል አወረደው። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ ከእንጨት የተቀረጹ፣ 600 ጊዜ ያነሱ መርከቦች ይደረደራሉ፤ የከተማው ጎልማሶች በሆዳቸው ተኝተው ርቀት በዓይን ይገምታሉ። ገማቹ ቁጥሩን ጽፎ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በሜትር ይለካል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ሕግ ነው። ፕራት ለያንዳንዱ መርከብ ከመድፉ፣ ከብረቱ ውፍረትና ከፍጥነቱ ተነሥቶ በቀመር አንድ ቁጥር ሰጠው። ጥይት ባረፈ ቁጥር ከዚያ ላይ ይቀነሳል፤ ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ መርከቡም እየደከመ፣ እየዘገየ ይሄዳል፤ ዜሮ ሲደርስ ይሰምጣል። ፕራት በትርፍ ጊዜው ደግሞ ጠንቋይና ዘንዶ ያለበት ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። ሁለቱ ሥራዎቹ ኋላ ባላሰበው ቦታ ተገናኙ።

ቦታው ሚኔሶታ ነው፤ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሴንት ፖል ውስጥ ዴቭ አርነሰን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር የጦርነት ጨዋታ ይጫወት ነበር። ጎረቤት ክፍለ ሀገር፣ ዊስኮንሲን፣ ጌሪ ጋይጋክስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1969 ተገናኙ፤ ያስተሳሰራቸውም የሸራ መርከብ ፍቅር ነው። ከማይክ ካር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1972 «ዶንት ጊቭ አፕ ዘ ሺፕ» የሚል የመርከብ ውጊያ ሕግ አሳተሙ። የዘንዶና የዋሻ ጨዋታቸው ከዚያ በኋላ ነው የታተመው።

አርነሰን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ብላክሙር የሚል አዲስ ዓይነት ጨዋታ ያጫውት ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች ጦር ሳይሆን አንድ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ ተራኪና ዳኛ ሆኖ ዓለሙን ያቀርባል። መጀመሪያ የተጠቀመበት የውጊያ ሕግ የጦር ሜዳ ሕግ ነበርና አንድ ምት ካረፈ ሰውየው ሞተ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ተማረሩ። ስም ያወጡለትን፣ ሳምንታት ያሳደጉትን ሰው በአንድ ዳይስ ማጣት አልዋጥ አላቸው። አርነሰን በኋላ እንደተናገረው መፍትሔውን ያገኘው ቀደም ሲል ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ብረት ለበስ መርከቦች ካወጣው ሕግ ውስጥ ነው። እነዚያ መርከቦች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1862 ሃምፕተን ሮድስ ላይ ሲገጥሙ ጥይቱ ብረቱን እየነካ ይነጥር ነበር፤ ለሰዓታት ተደባድበው አንዱም አልሰመጠም። ስለዚህ ሕጉ ሁለት ቁጥር ያስፈልገው ነበር፤ ምቱ ብረቱን ይበሳል ወይስ ይነጥራል የሚለውን የሚወስን አንድ ቁጥር፣ ከበሳ ደግሞ መርከቡ ስንት ይችላል የሚል ሌላ። አርነሰን ሁለቱን አንሥቶ ለሰው ሰጣቸው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1974 የዘንዶውና የዋሻው ጨዋታ፣ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»፣ በ1,000 ቅጂ ሲታተም ሁለቱ ቁጥሮች ውስጡ ነበሩ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገሩ፣ ከኮምፒዩተር ወደ ቴሌቪዥን ጨዋታ። ጀግናው በጥይት ተበሳስቶ የሚሮጠው፣ ቀይዋ መስመር ጨርሳ እስክትጠፋ ደህና የሆነው፣ ከሥሩ የተቀረጸው ለመርከብ ስለሆነ ነው። ሥጋ እንደዚያ አይሆንም፤ መርከብ ግን እስኪሰምጥ ይንሳፈፋል።

የ1974ቱ ጨዋታ ሦስተኛ መጽሐፍ የባሕር ውጊያ ክፍልም አለው። ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ይወሰናል፤ የመርከቡ ፍጥነት በዓይነቱና በነፋሱ አቅጣጫ ይለያያል፤ ቀዛፊ ያለው ጀልባ ነፋስ ባይኖርም ይሄዳል። መንጠቆ ወርውሮ መያያዝ፣ ወደ ጠላት መርከብ መዝለል፣ በአፍንጫ መውጋት ሁሉ አለ። ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው እንደለበሰው ጥሩር ክብደት የመስጠም ዕድሉ ይለያያል። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ግን ሁሉም የጠረጴዛ መርከብ ሕግ ከወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ፤ መሪውን የያዘው አንድ ሰው ነው። አራት ተጫዋች ተቀምጦ አንዱ ካፒቴን ሆኖ ሲወስን ሦስቱ ሻይ ያዛሉ። ድሮ ራስ ወልደ ሥላሴ ዙሪያ የነበሩት መኳንንት ይህን ችግር በጩኸት ፈትተውታል። የዘመኑ ጨዋታ ሠሪዎች 45 ዓመት ፈጀባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው «ጎስትስ ኦፍ ሶልትማርሽ» የሄደበት መንገድ መርከቡን መበለት ነው። መርከቡ አንድ አካል መሆኑ ቀርቶ ቀፎ፣ መሪ፣ ሸራና መሣሪያ ሆነ፤ ለያንዳንዱም የራሱ ላይፍ ተሰጠው። የአንድ መደበኛ ሸራ መርከብ ቀፎ 300 ነጥብ አለው፤ ከ15 በታች የሆነ ጉዳት ምንም አያደርገውም። በሰይፍ ሳንቃ የሚጠርብ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢውል መርከብ አይሰምጥለትም ማለት ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው። ይኸው መርከብ በአንድ ተራ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ መርከበኛው ከ20 ሲያንስ ሁለት፣ ከ10 ሲያንስ አንድ፣ ከ3 ሲያንስ ምንም። ተጫዋቾቹም ሥራ ተከፋፈሉ፤ ካፒቴን፣ ምክትል፣ የመርከበኞች አለቃ፣ ሐኪም፣ ወጥ ቤት። አዎ፣ ወጥ ቤቱ ሳይቀር ሕግ አለው፤ መርከበኛ ከራበው ያምፃል። ይህን ክፍል የጻፈው ሰው ለረጅም መንገድ ጭነት መኪና ረዳት የሆነ ሰው ያማከረ ይመስላል።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ትራቨለር» የሚባል ጨዋታ ከውጊያው ይልቅ ሒሳቡን አጥብቋል። መርከቡ የሚበርረው በከዋክብት መሐል ቢሆንም ነገሩ ፍጹም መርካቶ ነው። ተጫዋቾቹ መርከቡን የሚይዙት በባንክ ብድር ነው፤ በየወሩ የዋጋውን 240ኛ እጅ ለ480 ወር ይከፍላሉ፤ ሲጠቃለል ዋጋውን ሁለት እጥፍ መክፈል ነው። ነዳጅ፣ የወደብ ኪራይ፣ ደመወዝ በዚያ ላይ ይጨመራል። እዚህ እቃ ገዝተው እዚያ ይሸጣሉ፤ ትርፉ ክፍያውን ካልሸፈነ ባለዕዳ ሆነው ይሸሻሉ። ጀብዱ የሚጀምረው ከዕዳ ነው። አይሱዙ በብድር ገዝቶ ሌሊት ሌሊት የሚነዳ የአማኑኤል ሰው ይህን ጨዋታ ያለ አስተማሪ ይጫወተዋል፤ መጫወት ከፈለገ።

አስማት የበዛበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጣው «ስፔልጃመር» የሸራ መርከቦችን ወደ ሰማይ ሰቀለ፤ መርከቡ የሚንቀሳቀሰው ጠንቋይ ልዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኃይሉን ሲሰጠው ነው። ነፋስ፣ ሞገድ፣ ጥልቀት ሲቀሩ መርከቡ የቀረው ቅርጹ ብቻ ነው፤ እንደ ባሕር ሕግ ከታየ ደካማው እሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ባሕር ያለው ጨዋታ ደስ የሚለው ባሕሩ ራሱ ሦስተኛ ተጫዋች ሲሆን ነው።

ለዚህ ደግሞ ጣና አለ። የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል፤ ሙያውን ከሌላው ሁሉ በላይ ያቆዩት ወይጦዎች ናቸው። ሸራ የለውም፤ በረጅም እንጨት ይገፋል። እህል፣ ማገዶና ሰው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ያመላልሳል። ደንገሉ ግን ውኃ ይጠጣል። ታንኳው በሄደ ቁጥር እየከበደ፣ እየጠለቀ ይመጣል፤ ባለቤቱ ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጥለዋል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ይህን ታንኳ ወደ ጦር መርከብ ለመለወጥ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1866 ጣና ዳር በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ስለ እንፋሎት መርከብ ሰምተው ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠሩ፤ የእንጨት ወለል አስነጠፉ፤ በእጅ የሚዞር መንኮራኩርም አስገጠሙ። የሴባስቶፖልን መድፍ ያስቀለጠው ሐሳብ ከአንድ ሁለት ዓመት በፊት ውኃ ላይ ተሞክሮ ነበር ማለት ነው። የእንፋሎቱ ሞተር አልነበረም፤ ሰው ነበር።

ይህን መርከብ ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት ከላይ ያሉት ሕጎች ሁሉ ያስፈልጋሉ፣ አንዳቸውም እንዳሉ አይሆኑም። ነፋስ አያገባውም። ቀፎው እንደ ሶልትማርሹ ከ15 በታች የሆነ ምት አይንቅም፤ ይልቁንም ጥይት በደንገሉ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይሰብረውም፤ የተሰፋው የካሌብ መርከብ ኮራል ላይ እንደሚለመጠው። ላይፉ ግን ጠላት ባይኖርም በየቀኑ ይቀነሳል፤ የሚመለሰውም በጠጋኝ ሳይሆን ዳር ወጥቶ በፀሐይ ነው፤ ያኔ ደግሞ መርከብ መሆኑ ቀርቶ የሚጠበቅ ዕቃ ይሆናል። ፍጥነቱ በመንኮራኩሩ ላይ ባለው ሰው ቁጥር ይወሰናል፤ ለምሳሌ ከስድስት ሰው ሁለቱ ጠመንጃ ቢያነሡ መርከቡ ይዘገያል። እጀታው እንደ ራሱ ክፍል የራሱ ነጥብ ሊኖረው ይገባል፤ ልምድ ያለው ጠላት መጀመሪያ የሚተኩሰው እጀታውን በያዙት ላይ ነውና።